የጥይት ቀለህ ብልሽት

የጥይት ቀለህ ብልሽት ማለት አንድ ጊዜ የተተኮሰ የናስ ቀለህ እንደገና ተሞልቶ ሲተኮስ የሚደርስበት መሰንጠቅ፣ መሳሳት፣ መበጠስ ወይም መዛግ ነው። ቀለህ ባሩዱን፣ አረሩንና ካፕሱሉን በአንድነት የሚይዘው የጥይት ቅርፊት ሲሆን፣ ከተኩስ በኋላ ከመሣሪያው የሚወጣው ባዶ ክፍል ነው። አረሩና ባሩዱ በአንድ ተኩስ ያልቃሉ፤ ቀለሁ ግን ይተርፋል። ስለዚህ ጥይት ውድ በሆነበት ዘመንና ቦታ ሁሉ ሰዎች ቀለህን ለቅመው እንደገና ሞልተዋል።

ቀለህ ከአንድ ተኩስ ሲተርፍ እንደ አዲስ ሆኖ አይተርፍም። እያንዳንዱ ተኩስና እያንዳንዱ መሙላት ብረቱን በጥቂቱ ይለጥጠዋል፣ ያደርቀዋል፣ ያሳሳዋል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በቀለሁ ውስጠኛ ገጽ ስለሚጀምር ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስል ቀለህ በሚቀጥለው ተኩስ ሊበጠስ ይችላል። ሲበጠስ የሚያመልጠው ጋዝ ወደ ተኳሹ ዓይንና እጅ ሊመጣ ይችላል።

በኢትዮጵያ ቀለህ ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ የታወቀ ሲሆን፣ ሙሉ ጥይት ለረጅም ጊዜ እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስከ ማገልገል ደርሷል። ዛሬ የአገሪቱ ዋና የጥይት ፋብሪካ በምዕራብ ሸዋ በአምቦ አካባቢ ይገኛል።

የቀለህ ክፍሎች

አንድ የጠመንጃ ቀለህ ከላይ ወደ ታች የሚከተሉት ክፍሎች አሉት።

አፍና አንገት፦ አረሩን ጨምድዶ የሚይዘው ጠባብ ጫፍ ነው። ግድግዳው ስስ ነው።

ትከሻ፦ ከጠባቡ አንገት ወደ ሰፊው ገላ የሚወርደው ዘቅዛቃ ክፍል ነው። ቀጥ ያለ ቅርጽ ያላቸው ቀለሆች ትከሻ የላቸውም።

ገላ፦ ባሩዱን የሚይዘው ረጅሙ ክፍል ነው። ግድግዳው ወደ ታች በሄደ ቁጥር እየወፈረ ይመጣል።

መቀመጫ፦ ድፍኑና ወፍራሙ የታች ክፍል ነው። በመካከሉ ካፕሱሉ የሚገባበት ጎድጓዳ አለ።

ጠርዝ፦ ጠመንጃው ባዶውን ቀለህ ስቦ የሚያወጣበት የመቀመጫው ከንፈር ነው።

ካፕሱል የጠመንጃው መርፌ ሲመታው ብልጭታ ሰጥቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥል ትንሽ የብረት ቆብ ነው። በዓለም ላይ ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉ። ቦክሰር በሚባለው ዓይነት ብልጭታው ወደ ባሩዱ የሚያልፈው በመቀመጫው መካከል ባለ አንድ ቀዳዳ ነው። በርዳን በሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ሲኖሩ፣ ካፕሱሉ የሚመታበት ጉብታ የቀለሁ አካል ነው። የበርዳን ካፕሱል ያለ ልዩ መሣሪያ በቀላሉ አይወጣም፤ በግድ ሲወጣም ጉብታውንና ጎድጓዳውን ይጎዳል። ብዙዎቹ የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች ጥይቶች በርዳን ነበሩ።

ናስ ለምን ተመረጠ?

ለቀለህ የሚሠራው ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የተቀላቀሉበት ቅይጥ ነው። የተመረጠው ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን ስለሚችል ነው። ቀለህ በተኩስ ቅጽበት መስፋት አለበት፤ ወዲያው ደግሞ መልሶ መጥበብ አለበት። ሲሰፋ በማጉረሻው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይዘጋል። ሲጠብብ ከግድግዳው ለቅቆ በቀላሉ ይወጣል።

ንጹሕ መዳብ ለዚህ ሥራ በጣም ለስላሳ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመዳብ ቀለህ ይጠቀም ነበር። ጠመንጃው በተከታታይ ተኩስ ሲግል ቀለሁ ከማጉረሻው ጋር ይጣበቅና ማውጫው ጥፍር ጠርዙን ቀድዶት ያልፍ ነበር። ጦሩ በኋላ ወደ ናስ ዞሯል። ብረትም ለቀለህ ይውላል፤ ነገር ግን ከናስ ይልቅ ግትር ስለሆነ ተለጥጦ የመመለስ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ካልተቀባም ይዝጋል። በዛሬዋ ኢትዮጵያ በተለምዶ «ክላሽ» የሚባለው ጠመንጃ 7.62 በ39 ሚሊሜትር ጥይት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በተቀባ ወይም በመዳብ በተለበጠ የብረት ቀለህ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቀለህ የሚሠራው ለአንድ ተኩስ ታስቦ ነው።

ናስ ሲቀጠቀጥ፣ ሲሳብ ወይም ሲታጠፍ ይጠነክራል። አንድ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ሲታጠፍ መጀመሪያ እየጠነከረ ሄዶ በመጨረሻ እንደሚበጠስ ሁሉ ናስም እንዲሁ ነው። የጠነከረ ናስ በእሳት ሲሞቅ ደግሞ ተመልሶ ይለዝባል። ፋብሪካዎች በዚህ ጠባይ ይጠቀማሉ። አንገቱን በሙቀት አለዝበው መቀመጫውን ግን ጠንካራ አድርገው ይተዉታል። በአንዳንድ አዳዲስ የጦር ጥይቶች አንገት ላይ የሚታየው ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጥላ የዚህ ማለዘብ ምልክት ነው።

በአንድ ተኩስ ውስጥ የሚሆነው

ምላጩ ሲሳብ መርፌው ካፕሱሉን ይመታል፤ ባሩዱም ይቀጣጠላል። የጋዙ ግፊት ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይወጣል። ለ7.62 በ39 ጥይት የአውሮፓ መለኪያ የሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት 355 ሜጋፓስካል ነው። ይህ ከተራ የአየር ግፊት 3,500 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

በዚህ ግፊት ስሱ የፊት ግድግዳ መጀመሪያ ይሰፋና በማጉረሻው ላይ ይለጠፋል። ወፍራሙ መቀመጫ ግን ሳይለጠፍ ይቀርና ወደ ኋላ ወደ መቀርቀሪያው ይገፋል። በመቀመጫውና በመቀርቀሪያው መካከል ክፍተት ካለ የፊቱ ተይዞ የኋላው ስለሚሄድ መካከሉ ይለጠጣል። የሚለጠጠው ቦታ ድፍኑ መቀመጫ አልቆ ስሱ ግድግዳ የሚጀምርበት ነው።

ከተኩስ በኋላ የወጣው ቀለህ ከመጀመሪያው መጠኑ ሰፍቶ ስለሚገኝ እንደገና ለመሙላት በብረት ፎርማ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። አንገቱ በአንድ ዙር ውስጥ በተኩስ ይሰፋል፣ በፎርማ ይጠብባል፣ አዲስ አረር ሲገባበት እንደገና ይሰፋል። ቀለሁ የሚያረጀው በዚህ ዑደት ነው።

በጉልበት የሚመጡ ብልሽቶች

የአንገት መሰንጠቅ

ከሁሉ የተለመደው ብልሽት ነው። በተደጋጋሚ የሰፋና የጠበበ አንገት ደርቆ የመለጠጥ አቅሙን ያጣል፤ ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች ቀጥ ባለ መስመር ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ ስንጥቁ ከማጉረሻው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ስለሚቀር ለተኳሹ ያለው አደጋ አነስተኛ ነው። ሆኖም የተሰነጠቀ አንገት አረሩን አጥብቆ አይዝም። አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ከገባ ደግሞ የባሩዱ ቦታ ይጠብና ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይወጣል።

አንገትን በሙቀት ማለዘብ ይህን ብልሽት ያዘገያል። ሙቀቱ ወደ መቀመጫው ከደረሰ ግን መድኃኒቱ ራሱ መርዝ ይሆናል። ቀለህን በሙሉ በከሰል ምድጃ ውስጥ ማጋል መቀመጫውን ጭምር ያለዝበዋል። የለዘበ መቀመጫ ግፊቱን ሊሸከም አይችልም።

የመቀመጫ መለየት

ከጉልበት ብልሽቶች ሁሉ አደገኛው ነው። ከላይ እንደተገለጸው መቀመጫው ከገላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በእያንዳንዱ ተኩስ ጥቂት ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ይሳሳል። ከዚያ ፎርማው ትከሻውን ወደ ኋላ ሲገፋው ክፍተቱ ተመልሶ ይፈጠራል፤ የሚቀጥለው ተኩስም ያንኑ ቦታ እንደገና ይለጥጠዋል። ከጥቂት ዙር በኋላ በውስጥ በኩል ቀለሁን የሚዞር ቦይ ይፈጠራል። በመጨረሻ ቀለሁ በዚያ መስመር ለሁለት ይበጠሳል።

ይህ ብልሽት ከትከሻው ብቻ አይመጣም። ያረጀ ጠመንጃ መቀርቀሪያው ተበልቶ ክፍተቱ ከሰፋ አዲስ ቀለህ እንኳ በመጀመሪያው ተኩስ ሊበጠስ ይችላል። ሲበጠስ መቀመጫው ብቻ ከመቀርቀሪያው ጋር ይወጣል፤ የፊቱ ክፍል ማጉረሻ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። በጦርነት መካከል ይህ ማለት ጠመንጃው ከጥቅም ውጭ ሆነ ማለት ነው።

የካፕሱል ጎድጓዳ መስፋት

መቀመጫው ከሚችለው በላይ ግፊት ሲደርስበት ወደ ጎን ይሰፋል፤ ከእርሱም ጋር የካፕሱሉ ጎድጓዳ ይሰፋል። አዲስ ካፕሱል በጣት ጫና ብቻ የሚገባ ከሆነ ጎድጓዳው ሰፍቷል። በሚቀጥለው ተኩስ ጋዙ በካፕሱሉ ዙሪያ ወደ ኋላ ያመልጣል። የሰፋ ጎድጓዳ የባሩዱ መጠን ከልክ በላይ እንደነበረም ማስረጃ ነው።

የገላ መሰንጠቅ

ገላው በርዝመቱ ሲሰነጠቅ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ማጉረሻው ከቀለሁ መጠን የሰፋ መሆኑ ወይም ናሱ ሲሠራ የነበረበት እንከን ነው። ለአንድ ጠመንጃ የተሠራ ጥይት በሌላ ጠመንጃ ውስጥ ሲገባም ይከሰታል። ልዩ ልዩ አገር ሠራሽ ጠመንጃዎች በአንድ ሠራዊት ውስጥ በተቀላቀሉበት ሁኔታ ይህ ስህተት ቅርብ ነው።

በኬሚካል የሚመጡ ብልሽቶች

የባሩድ ዝቃጭ

ጥቁር ባሩድ ከፖታስየም ናይትሬት፣ ከድኝና ከከሰል ይሠራል። ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ዝቃጩ የፖታስየምና የድኝ ውሁዶች ያሉበት ሲሆን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ናሱንም ይበላል። በጥቁር ባሩድ የተተኮሰ ቀለህ ሳይውል ሳያድር በውኃ ካልታጠበ ውስጡ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል፣ ይሳሳል። በሌላ በኩል የጥቁር ባሩድ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በጉልበት የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው። ስለዚህ በጥቁር ባሩድ የተሞላ ቀለህን ቶሎ የሚያጠፋው ዝገት ሲሆን፣ በጭስ አልባ ባሩድ የተሞላውን የሚያጠፋው ግፊትና ልጥጠት ነው።

ሜርኩሪ

የቀድሞ ካፕሱሎች የሜርኩሪ ውሁድ ይዘው ይሠሩ ነበር። ካፕሱሉ ሲነድ ነጻ የሚወጣው ሜርኩሪ ወደ ናሱ ይሰርግና ያደርቀዋል። በጥቁር ባሩድ ዘመን ብዙው ዝቃጭ ሜርኩሪውን ይዞት ስለሚቀር ጉዳቱ ጎልቶ አይታይም ነበር። ጭስ አልባ ባሩድ ከመጣ በኋላ ግን ሜርኩሪው በቀጥታ ናሱን ስለሚያገኝ አንድ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ ለሁለተኛ ተኩስ የማይሆን ተሰባሪ ሆነ። ይህ ዓይነቱ ጉዳት በዓይን አይታይም፤ በእጥበትም አይወገድም።

አሞኒያና እርጥበት

የእንግሊዝ ጦር በሕንድ አገር በነበረበት ጊዜ ከጋጣ አጠገብ የተቀመጡ ጥይቶች በዝናብ ወራት ሳይተኮሱ በራሳቸው ተሰንጥቀው ይገኙ ነበር። ምስጢሩ በኋላ ሲመረመር ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መገናኘታቸው ታወቀ፦ በቀለሁ ውስጥ ከአሠራሩ የቀረ ውጥረት፣ ከፈረስ ሽንት የሚወጣ አሞኒያ፣ እና እርጥበት። አሞኒያ በናሱ ቅንጣቶች መካከል ባለው ድንበር ገብቶ ይበላል፤ ውጥረቱ ደግሞ ቀዳዳውን ይከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ቀለሁን በዝቅተኛ ሙቀት ማሞቅ ጥንካሬውን ሳይቀንስ ውጥረቱን ብቻ እንደሚያስወግድ አሳየ። ይህ ዘዴ በናስ ሥራ ሁሉ ዛሬም ይሠራበታል።

የቆዳ ዝናር

በቆዳ ዝናር ለረጅም ጊዜ የቆየ ጥይት ቆዳውን በነካበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። መንስኤው ቆዳውን ለማልፋት የዋሉት አሲዶችና ጨዎች ከመዳቡ ጋር ስለሚዋሃዱ ነው። ዝገቱ ሲፋቅ ከሥሩ ሮዝ ወይም ቀይ ነጥብ ከታየ ዚንኩ ተበልቶ መዳቡ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ያ ቦታ ጥንካሬ የለውም።

ቀለህ በኢትዮጵያ

ከመቅደላ እስከ ዐድዋ

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ ጠመንጃዎች ባሩድና አረር በአፋቸው የሚጎርሱ እንጂ ቀለህ የሚፈልጉ አልነበሩም። በናስ ቀለህ የተሠራ ጥይት በኢትዮጵያ ምድር ላይ በጦርነት የተተኮሰው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ በአሮጌ ሜዳ ነው። በዚያ ዕለት የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት በአማርኛ «ሰናድር» የተባለውን ጠመንጃ ነበር። የሰናድር ቀለህ ከድፍን ናስ የተሳበ ሳይሆን እንደ ቅጠል ከሳሳ ናስ ተጠቅልሎ በብረት መቀመጫ ላይ የተያያዘ ነበር። ይህ አሠራር ደካማ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ቀለህ የነበረው የእንግሊዞች ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1885 በሱዳን ጦርነት ላይ ቀለህ እየተጣበቀበት ወታደሮቹን አስቸግሯል። ከዚያ ወዲህ የተሳበ ድፍን ናስ ተተካ።

በ1868 ዓ.ም. ገደማ በጉንደትና በጉራ ጦርነቶች የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ከግብፆች ብዙ የረሚንግተን ጠመንጃ ማረከ። ከዚያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በብዛት የገባው ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ሲሆን፣ ፈረንሳዮች ጠመንጃውን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን አረርና 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ የያዘ ሲሆን፣ ቀለሁ ከተሳበ ናስ የተሠራና ባለ ጠርዝ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከኢትዮጵያ ወታደሮች እጅ ከነበሩት ዋና ዋና ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር።

ቀለህ እንደ ገንዘብ

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ግብይት ትልቅ ስለነበር ዝርዝሩ በአሞሌ ጨው ወይም በጥይት ይሰጥ ነበር። በተለይ የውጅግራ ጥይት ለዚህ አገልግሏል። ጥይት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሚያልፍበት ሁኔታ ለናስ አይመችም። በላብ፣ በቆዳ ዝናር፣ በጨው አሞሌ አጠገብና በዝናብ ይከርማል። በዚህ መንገድ የቆየ ጥይት በገበያ ላይ ዋጋ ቢኖረውም በጠመንጃ ውስጥ ያለው ዋጋ ሌላ ነው። ገዢው ከውጭ በማየት ብቻ አዲሱን ከተሞላው፣ የተሞላውንም አንድ ጊዜ ከተሞላው ወይም አምስት ጊዜ ከተሞላው ሊለይ አይችልም።

ባሩድ በኢትዮጵያ ውስጥ ከረጅም ዘመን ጀምሮ በእጅ ይሠራ ነበር። አረርም ከእርሳስ ይቀለጥ ነበር። በአገር ውስጥ በእጅ ሊሠሩ ያልቻሉት ቀለህና ካፕሱል ናቸው። ቀለህ ትክክለኛ መጠን ባለው ፎርማ በደረጃ መሳብን ስለሚጠይቅ የፋብሪካ ሥራ ነው። ስለዚህ የተሞላ ጥይት ደካማው ክፍል ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ያገለገለው ቀለህ ነበር።

ጭስ አልባ ባሩድ ያመጣው ለውጥ

ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። በሁለት ዓመት ውስጥ ፈረንሳይ በአማርኛ «ለበን» የተባለውን 8 ሚሊሜትር ጠመንጃ አወጣች። የለበን ቀለህ የተነደፈው ከውጅግራው ቀለህ መቀመጫ ተነሥቶ አንገቱን በማጥበብ ነው። በኢትዮጵያም ለበን፣ ምንሽርና ቤልጅግ ከአሮጌዎቹ ውጅግራና ሰናድር ጋር ጎን ለጎን አገልግለዋል።

ይህ መቀላቀል ራሱን የቻለ አደጋ ነበረው። ጭስ አልባ ባሩድ በትንሽ መጠን ከጥቁር ባሩድ እጅግ የሚበልጥ ግፊት ይሰጣል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ሰፊ ቀለህ ደግሞ ብዙ ይይዛል። በውጅግራ ቀለህ ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ በጥቁሩ ልክ ቢሞላ ቀለሁም ጠመንጃውም ሊችሉት አይችሉም። ውጅግራ መቀርቀሪያውን በአንድ በኩል ብቻ የሚይዝ ጠመንጃ በመሆኑ ለእንዲህ ዓይነት ግፊት አልተሠራም።

በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ ታላላቅ መንግሥታት ወደ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ እንዳይላክ በመከልከላቸው ሠራዊቱ የጥይት እጥረት ገጠመው። የያዛቸው ጠመንጃዎች በዓይነትም በዘመንም የተለያዩ ነበሩ። በእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ የጥይት ዕድሜና የቀለህ ጥራት የጠመንጃውን ያህል ወሳኝ ይሆናል።

በምዕራብ ሸዋ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ያልፋል። ሆለታ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በአምቦ አካባቢ ደግሞ ሆሚቾ የተባለው የጥይት ፋብሪካ ይገኛል። ፋብሪካው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ሥር ከገቡት ድርጅቶች አንዱ ነበር።

የአካባቢው የአየር ንብረትና አኗኗር የናስን ጠባይ ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የጊንጪ ዙሪያ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ያለበት ደጋ ነው። አፈሩ በክረምት ውኃ ይቋጥራል። በእንዲህ ዓይነት እርጥብ አፈር ውስጥ የተቀበረ ወይም የወደቀ ቀለህ ዚንኩን እያጣ ይሄዳል። በገጠር ቤት ከብት ከሚያድርበት ጋጣ አጠገብ የሚቀመጥ ጥይት ደግሞ ከሽንትና ከእበት በሚወጣው አሞኒያ ይነካል፤ ይህም ከሕንዱ ጋጣ ጋር አንድ ዓይነት ሁኔታ ነው። ለስንዴና ለጤፍ የሚውለው ዩሪያ ማዳበሪያም እርጥበትና እበት ሲያገኘው አሞኒያ ያመነጫል። ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር በአንድ ጎተራ የከረመ ናስ ምንም ሳይተኮስ ሊሰነጠቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕግ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን፣ መነገድንና ማምረትን ይከለክላል። የጥይት መሙላት በሌሎች አገሮች እንደ ኢላማ ተኩስና እንደ አደን ያሉ ስፖርቶች ክፍል ሆኖ በሕግ ይሠራበታል። በእነዚያ አገሮች ሞዪዎች እያንዳንዱ ቀለህ ስንት ጊዜ እንደተሞላ መዝግበው ይይዛሉ፤ የተበላሸውንም ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት አፉን ጨፍልቀው ይጥሉታል።

የብልሽት ምልክቶች

ከአፍ ጀምሮ የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር፦ አንገቱ ደርቆ ተሰንጥቋል።

ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ቀለሁን የሚዞር የሚያብረቀርቅ ቀለበት፦ በውስጥ በኩል ግድግዳው ሳስቷል፤ መቀመጫው ሊለይ ተቃርቧል።

ካፕሱሉ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት፦ ጋዝ አምልጧል፤ ጎድጓዳው ሰፍቷል።

የተደፈጠጠ ካፕሱል ወይም በመቀመጫው ላይ የታተመ የመቀርቀሪያው ቅርጽ፦ ግፊቱ ከልክ አልፏል።

አረንጓዴ ዝገት ከሥሩ ሮዝ ነጥብ ይዞ፦ ዚንኩ ተበልቷል።

በማንኛውም አቅጣጫ የሚሄዱ ጥቃቅን ስንጥቆች ባልተተኮሰ ጥይት ላይ፦ አሞኒያና ውጥረት ናሱን በልተውታል።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንኳ አለመታየቱ ቀለሁ ጤናማ መሆኑን አያረጋግጥም። የሜርኩሪ ጉዳትና የመቀመጫ መሳሳት መጀመሪያ በውጭ አይታዩም።

በተኳሹ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጤናማ ቀለህ በተኩስ ቅጽበት የጠመንጃው የኋላ በር ነው ማለት ይቻላል። ሲበጠስ በሩ ይከፈታል። ጋዙ በመቀርቀሪያው ዳር፣ በመርፌው ቀዳዳና በመጋዘኑ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ የናስ ፍንጣሪም ይዞ ይወጣል። ጠመንጃ የሚያነጣጥር ሰው ፊቱን ከመቀርቀሪያው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስለሚያደርግ መጀመሪያ የሚጎዳው ዓይን ነው። ከዚያ መጋዘኑን ወይም እጀታውን የያዘ እጅ ይከተላል። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩ ብዙ ጠመንጃዎች የሚያመልጥ ጋዝን ከተኳሹ ፊት የሚያርቁ ቀዳዳዎች አሏቸው። እንደ ውጅግራና ሰናድር ያሉት የቀደሙ ጠመንጃዎች ግን ይህ ጥበቃ የላቸውም።

ያረጀ ሙሉ ጥይት ባይተኮስም አደገኛ ነው። ካፕሱሉ በምት ወይም በሙቀት ሊነሣ ይችላል። ጥይቱ ከጠመንጃ ውጭ ሲፈነዳ ቀለሁን የሚደግፍ ግድግዳ ስለሌለ ናሱ ተቀድዶ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይፈናጠራል። ስለዚህ በእርሻ ወይም በአሮጌ ቤት የተገኘ ጥይት መመታት፣ መከፈት ወይም እሳት ውስጥ መጣል የለበትም፤ ባለበት ትቶ ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።